ከፎካሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት

የያዙኝ ከመሰላል ላይ አውርደው ነው። ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የስማዳ ቤተ ክርስቲያን የምዕራቡን ግድግዳ እየሣልሁ ነበር። ብሩሹን የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ይዤው ወረድሁ። ሊይዙኝ ከመጡት ሁለት ነጭ ለባሾች አንዱ ከእጄ ወሰደና አሽትቶ ጣለው።

ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚሣልበትን አቡጀዲና ቀለሙን የገዛው የአካባቢው ገዥ ነው፤ በግድግዳው ግርጌ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ጠላት ሲወጋ እንድሥለው አዞኝ ነበር። እኔ የእስቴ ሰው ብሆንም፣ ገዥው በአምስቱ ዓመት ከማን ማዕድ ይበላ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ለስማዳ ሕፃን እንኳ የተሰወረ አልነበረም። ስለዚህ በፈረሱ ቦታ ዘማቾች የነገሩኝን ሣልሁ። በሸለቆ ውስጥ የተረፈረፈ ሠራዊት፣ ከላይ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላኑ የሚወርድ ጥቁርና ቀይ የመርዝ ዝናብ። ሰዎቹ ጋሻቸውን እንደያዙ ወድቀዋል። የገዥው ጽሕፈት ቤት “የጦሩን ክብር የሚያዋርድ ሥዕል” ብሎ ከሰሰኝ።

ንፋስ መውጫ ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። የገብስ እብቅ ከግድግዳው እየረገፈ አንገት ውስጥ ይገባል። ብረት ስላልበቃቸው እስረኛውን ሁለት ሁለት አድርገው ያቆራኙ ነበር። የእኔን ቀኝ እጅ ከአንድ ሽማግሌ ግራ እጅ ጋር አሰሩት። ሽማግሌ መስለውኝ ነው እንጂ፣ ኋላ ዕድሜያቸውን ሲነግሩኝ የሚበልጡኝ በሰባት ዓመት ብቻ ነበር። እኔ ግን “እርስዎ” ማለቴን አልተውሁም።

ዓይናቸው ሁልጊዜ እንባ ያወርዳል። የጀርባቸው ቆዳ እሳት እንደነካው ብራና ተኮማትሯል። ድምፃቸው ደግሞ ጆሮ ካላስጠጉ የማይሰማ ሹክሹክታ ነው።

“ምን አድርገህ መጣህ?” አሉኝ።

“ሥዕል ሥዬ።” ምን እንደሣልሁም ነገርኋቸው።

“ዝናቡን በምን ቀለም ሣልኸው?”

“በጥቁርና በቀይ።”

እንባቸውን በቀኝ እጃቸው ጠረጉ። “ቀለም አልነበረውም” አሉ ቀጥለው። “እኔ እዚያው ነበርሁ። ጠል ነው የሚመስል፤ ቅጠሉ ላይ አርፎ ያብረቀርቃል። ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል። ምንም አልመሰለንም። እግራችንን ታጠብን፣ ከወንዙም ጠጣን። ቆዳችን መነሣት የጀመረ ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው።”

“ታዲያ ያንን እንዴት አድርጌ ልሣለው?”

“እኔ ምን አውቄ? ሰዓሊው አንተ።”

የታሰርሁበት ሥዕል እውነት እንዳልሆነ የሰማሁ ያን ቀን ነው። ከመታሰሬ የበለጠ ያ አሳፈረኝ።

ከዘመቻው በፊት እሳቸው በጋይንትና በስማዳ የታወቁ ፎካሪ ነበሩ። “ዘራፍ!” ሲሉ በቅሎ ትደነብራለች ይባል ነበር። ሲመለሱ ሚስታቸው ቁስሉን ሥጋ ደዌ ነው ብላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች። በማኅበር ቤት ጠላ ሲቀዳ ለእሳቸው ሌላ ሰው በማይጠጣበት ቅል ይሰጧቸው ጀመር። የታሰሩትም ገዥው በድግሱ ላይ “ፎክር!” ሲላቸው እምቢ ብለው ነው።

“ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ ቢሉት ምን ነበር?” አልኋቸው።

“ብዬው ነበር። ድምፅ ባይኖርህ ጦሩን ነቅንቅ አለኝ።” ሳል ያዛቸውና እስኪለቃቸው ጠበቅሁ። “ፉከራ እኮ ገዳይ ብለህ ነው የምትነሣ። ማንን ገደልሁ ልበል? እኔ ጠላቴን አላየሁትም። እሱም እኔን አላየኝም።”

የድሉ በዓል ሲቃረብ የገዥው ጸሐፊ ከበሩ ላይ ቆሞ ምሕረት አመጣሁላችሁ አለ። “አንተ ግድግዳውን ታስተካክላለህ። አንተ ደግሞ በበዓሉ ሜዳ ላይ ትፎክራለህ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችሁም ወደ ቤታችሁ።”

እኔ እሺ አልሁ። ይህን አልደብቅም። ሚስቴ መካነ ኢየሱስ ነበረች፣ ወራቷም ገብቶ ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

በበዓሉ ጠዋት ብረቱን የሚፈታው ቀጥቃጭ ስላልተገኘ ሁለታችንንም እንደተቆራኘን ወደ ገበያው ሜዳ አወጡን። ብርሃኑን መቋቋም አቅቶኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ካህናቱ ቆመዋል፤ ዘማቾቹ ተሰልፈዋል፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ገዥው ዳስ ውስጥ ነው። ለሽማግሌው ጦር ሰጧቸው። በቀኝ እጃቸው ተቀብለው መሬት ላይ ተከሉትና ተደገፉት። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

“አይሰማም!” አለ ገዥው።

እኔ ግን በእጅ ርቀት ላይ ስለነበርሁ ሰምቼዋለሁ። ፉከራ አልነበረም። የአንድ ሰው ስም ነበር፤ ከነአባቱ፣ ከነአጥቢያው። ከስሙ በኋላ “ተከዜ ማዶ ቀረ” ይላሉ።

“ምንድን ነው የሚለው?” ሲል ጸሐፊው ወደ እኔ ቀረበ።

ጸሎት ነው ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ያንኑ ስም ደገሙልኝ። እኔ የቆሎ ተማሪ ሆኜ ያደግሁ ነኝ፤ መምህሩ ቃል ሲነግር ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀበላል። ተቀበልኋቸው። ሁለተኛውን ሰጡኝ፤ ጮኼ ተቀበልሁ። ሦስተኛውንም። ካህናቱ ወደ እኛ ዞሩ። አራተኛውን ስጠራ ከሴቶቹ መካከል አንዷ ብድግ ብላ “የኔ ነው!” አለች። እንዲያ ብላ ቆመች እንጂ አላለቀሰችም። ለቅሶው ከሌሎቹ ነው የተነሣ። ከዘማቾቹም አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ዘጠነኛውን እንደጠራሁ ዘበኞቹ በሰደፍ መቱን። ምሕረቱ በዚያው ቀረ። መጋዘኑ ውስጥ ደማችን ሲደርቅ፣ የቀሩትን ስሞች ይንገሩኝ አልኋቸው። በጣታቸው ለመቁጠር ሞከሩ።

“ጠፉብኝ” አሉ። “እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነበሩ።”

ከሳምንት በኋላ ያቺ “የኔ ነው!” ያለች ሴት መጣች። ዘበኛው እንዴት እንደፈቀደላት አላውቅም። በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛ ነበር።

“ትናንት የባሌን ተስካር አወጣሁ” አለች። “ይህን ሁሉ ዓመት ይመጣል ብዬ በሩን ቀርቅሬ አላውቅም። አሁን ቀረቀርሁት።”

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ እኔም አብሬ ተነሣሁ። ዳቦውን በሁለት እጃቸው ሊቀበሉ ሲዘረጉ የእኔም እጅ ተጎትቶ ተዘረጋ። “ነፍስ ይማር” አልን።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለች። “ሸሽቶ ነው?”

“አብሮኝ ነበር” አሉ፤ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማቻቸው። “አልሸሸም።”

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና ሄደች። እነዚያን እግሮች ሰው ከነካቸው ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ከሄደች በኋላ እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ያልሸሸ ማን አለ?” አሉ ዳቦውን እየቆረሱ። “ሁላችንም ሮጠናል። ዝናብ እኮ ነው። እንካ፣ ብላ።”

በነሐሴ ሞቱ። ቀጥቃጩ እስኪመጣ ከማለዳ እስከ ቀትር አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። እኔ የተፈታሁ ሴት ልጄ በእግሯ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው። ሥዕሌን ከግድግዳው ገሽልጠው ሌላ ሰዓሊ አስገብተዋል። ገዥው በፈረስ ተሥሏል። እውነቱን ለመናገር ፈረሱ ያምራል፤ እስከ ዛሬም አለ።

አሁን ዓይኔ ደክሞ ሥራውን ትቻለሁ። ከተፈታሁ ወዲህ ዓመት በዓመት ለቄሱ የእነዚያን ሰዎች ስም እየነገርሁ በጸሎት አሳስባቸው ነበር። ዘንድሮ ስቀርብ ከዘጠኙ ስድስቱን ብቻ አገኘሁ። ቄሱ ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ሦስቱ አልመጡልኝም። የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።