በአክስቴ ደጅ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ

ዲፕሎማዬን ታቅፌ ቆቦ ላይ ሥራ ፈትቼ ስከርም፣ አንድ ድርጅት ታብሌት አስይዞ ገጠር ላከኝ። ሥራው የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብ ነው። ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ ሰውየው እስማማለሁ ወይም አልስማማም ይላል፤ እኔ ታብሌቱ ላይ የመልሱን ቁልፍ እነካለሁ። መልሱ በኢንተርኔት ሄዶ ካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል። ደህና ነኝ ያለ አረንጓዴ፣ ተቸገርኩ ያለ ቀይ። ቀይ ለበዛበት መንደር የውሃ ፓምፑ ቀድሞ ይጠገንለታል።

በዋጃ መንገድ ያለው የአክስቴ መንደር ፓምፕ ከቆመ ከርሟል። ሴቶቹ የደረቀ ወንዝ አሸዋ እየጫሩ ነው የሚቀዱት። አክስቴ አንዲት ላም ብቻ ቀርታታለች፤ እሷም ከስታ አጥንቷ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀዩ እንደሚበዛ አልተጠራጠርኩም።

ደጇ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት፦ «በቂ ውሃ አለን።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

«አክስቴ፣ ትስማሚያለሽ አትስማሚም?»

«አላህን አማርሬ የት ልደርስ ነው? ያለችን ትበቃናለች።»

ክርስቲያኑ ጎረቤቷም «ተመስገን፣ የባሰ አያምጣ» አለኝ። እኛ አገር መዝገብ ይዞ ለመጣ ሰው ችግር አይዘረገፍም፤ ሬሳ አስተኝቶም ደህና ነን የሚል ሕዝብ ነው። ይህን ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልግም፤ እዚያው ቤት ነው ያደግኩት። ግን የድርጅቱ አሠልጣኞች ሰዉ ያለውን ብቻ መዝግቡ ብለውናል፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬን ፈራሁ። አረንጓዴውን ነካሁ። ቤት ለቤትም እንዲሁ እያልኩ ጨረስኩ።

ጥገናው ወደ ሮቢት በኩል ሄደ። እዚያ የጠየቀው ባልደረባዬ፣ ሰዎቹ ተመስገን ባሉት ቁጥር ቀዩን ይነካ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። መጀመሪያ ሰደብኩት። ቀጥሎ ራሴን ጠላሁ።

አክስቴ ዘንድ ስመለስ የላሟ ቆዳ አጥሩ ላይ ተወጥሯል። ዝም ማለት አቃተኝ። ካርታውን በስልኬ ከፍቼ አሳየኋት።

«የኔ የትኛዋ ናት?»

«ይቺ አረንጓዴዋ። አጥፍቻለሁ አክስቴ። ውሃ እንደሌላችሁ እያወቅኩ ነው የነካሁት።»

ነጥቧን በጣቷ ዳሰሰቻት። ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ የገባት ትመስላለች።

«ካወቅህማ ልጄ» አለች፣ «ለምን ጠየቅኸኝ?»