ጆንያ የለበሰው ቧንቧ

ዛሬ ጠዋት ጀሞ አንድ ሰውዬ የግቢውን ቧንቧ በጆንያ ሲጠቀልል አየሁ። የእርጥብ ጆንያው ሽታ ታላቅ ወንድሜን አስታወሰኝ። ከሞተ ሁለት ወሩ ነው።

ልጅ ሆኜ ላፍቶ፣ ወንዙ ዳር ተከራይተን ስንኖር፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገው ነበር። ወንድሜ ውጭ የተዘረጋውን ቧንቧ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ብሎ በጆንያ ጠቀለለው። አከራያችን እማማ ተዋቡ ግን ለገና እንግዳ ይመጣባቸው ስለነበር ተቆጡ።

«ግቢዬን ቆሻሻ መጣያ አስመሰልከው እኮ! ቧንቧም ይበርደዋል እንዴ? ጋቢ ደርብለታ!»

ተከራዩ ሁሉ ሳቀ። እማማ ተዋቡ ጆንያውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። በነጋታው ቧንቧው ተሰንጥቆ አገኘነው።

«በጆንያው አበስብሶብኝ ነው» አሉ።

ወንድሜ ከቤት እንዳያስወጡን ፈርቶ ዝም አለ። እስኪጠገን ድረስ ለግቢው ሁሉ ውሃ በጀሪካን ያመላለሰውም እሱ ነው።

የወንድሜ ለቅሶ ላይ እማማ ተዋቡም መጡ። እጄን ይዘው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ያንን ቧንቧ ቢያበላሽብኝም እኔ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

ምኑን ነው ይቅር የሚሉት? ለቀስተኛው «እግዜር ይስጥልን» አላቸው።

እኔም አልኩ።