የእናቴ ቤት ካሜራና ባትሪው

እናቴ አምና መካነ ሰላም ከተማ ባለው ቤቷ ውስጥ ወድቃ ግማሽ ቀን ሰው ሳያያት ቆየች። ከዚያ ወዲህ ከምሠራበት ከዓረብ አገር ሆኜ በስልኬ የማያት ካሜራ አስገጠምሁላት። መብራት ሲሄድ ግን ምስሉ ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራውንና ዋይፋዩን ስድስት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ መርጬ ላክሁ። መብራት ሲሄድ ምስሉ እንደገና ጠፋ። ወድቃ ይሆን ብዬ ደወልሁ።

«እማዬ፣ ባትሪው ምን ሆነ?»

«ምንም። መብራት ሲሄድ እነቅለዋለሁ፤ እንዳያልቅ።»

«እንዲያልቅ እኮ ነው የላክሁት።»

«አንች ልጅ፣ እዚያ ሄደሽ አባካኝ ሆንሽ። ለክፉ ቀን ይቀመጥ እንጂ።»

አሁን ሌላ እየፈለግሁ ነው። ባለሱቁ ስንት ሰዓት እንዲይዝ እንደምፈልግ ይጠይቀኛል፤ እኔ የምጠይቀው እሷ ልትነቅለው የማትችለው እንዳለ ነው። እስኪገኝ ድረስ ምስሉ በጠፋ ቁጥር ውዳሴ ማርያም እጀምራለሁ፤ ሳልጨርሰው እደውላለሁ።