ቀንዳሙ ራውተር

ያን ቀን ለላፕቶፕ የሚሆን ራውተር ልገዛ ከቢቸና ሞጣ ድረስ ስሄድ ላፕቶፑን ቤት ትቼው ሄድኩ። ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዓመት ሙሉ መሳቂያ አደርገው ነበር።

ሞኝነቱ ያልታየው ሰው ካለ ሥራዬን ልንገረው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ነበርኩ። በእኛ አካባቢ በሬ የሚገዛ ገበሬ መጀመሪያ እኔን ፈልጎ ነበር ወደ ከብት ተራ የሚገባው። እኔም ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ቤት ያለው በሬህስ እንዴት ያለ ነው?» እለዋለሁ። የዚያን ቁመት፣ እርምጃና ጠባይ ሳይነግረኝ የሚገዛውን አላይለትም። ብቻውን ሲቆም ግርማ ያለው በሬ፣ ቀንበር ሥር ከጓደኛው ጋር እኩል ካልሄደ ምን ይረባል? ይህን ስንቱን ሰው ተቆጥቼ አስተምሬዋለሁ!

ራውተሩ ያስፈለገን ለልጃችን ሠርግ ነበር። የመጨረሻ ልጃችን ነርስ ናት። ጂንካ ተመደበችና እዚያው የሥራ ባልደረባዋን ልታገባ ሆነ። ባለቤቴ ወገቧን ስለሚያማት ያን ሁሉ መንገድ መኪና ላይ መቀመጥ አትችልም፤ እኔም እሷን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም። ስለዚህ ሙሽራዋ ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት በቪዲዮ ልትደውልልን፣ እኛም ከዚሁ ሆነን ልንመርቃት ተስማማን። ነገር ግን የባለቤቴ ዓይን ደክሟል። በስልክ የሰው ፊት አትለይም፤ ልጃችን ትታልን በሄደችው ላፕቶፕ ላይ ግን ትለያለች።

«እንደ ወጉ ለምርቃት ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ፊቷን ልየው እንጂ ሌላው ይቅርብኝ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ሠርግ የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

የኢንተርኔቱ መስመር ቤታችን ገብቷል፤ የድሮውን ራውተር ግን በክረምቱ መብረቅ አቃጥሎብናል። ቢቸና ፈልጌ አጣሁ። ሞጣ ልሄድ መሆኔን ስትሰማ ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ የላፕቶፑ ኔትወርክ ካርድ የቆየ ነው። ሁለት ነጥብ አራት የሚባለውን ሞገድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አምስት የሚባለውን ጭራሽ አያየውም። ይህን ሳይጠይቁ እንዳይገዙ። ደግሞ ይዘውት ቢሄዱ እዚያው ሞክረው ይሰጡዎታል።»

«እሺ፣ የኔ መምህር» አልኳት። ላፕቶፑን ግን አልያዝኩም። ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ስቀመጥ መንገድ ላይ ግንደወይን ስንቆም የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ ብዬ! እንዲያ ስጠነቀቅለት የነበረው ክብሬ ምን እንደጠቀመኝ እንጃ።

ሞጣ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት ወጣት ሴት ናት። አባቷ በዚያችው ቤት ጨርቅ ሲሸጡ አውቃለሁ፤ አሁን ጣቃ ይደረደርበት በነበረው መደርደሪያ ላይ ገመድና ቻርጀር ተደርድሮበታል። ከሁሉ በላይ አንድ ጥቁር ራውተር ቀንዶቹን አቁሞ ተቀምጧል። አንቴና እንደሚባሉ አላጣሁትም፤ ዓይኔ ግን ቀንድ ነው ያየው።

«እስቲ ያንን ቀንዳሙን አውርጂልኝ።»

«እሱ ያገለገለ ነው አባባ። አንደኛው ሞገዱ ተቃጥሏል፤ የሚሠራው በአምስቱ ብቻ ነው። ለምን ሊያደርጉት ነው?»

«ለላፕቶፕ።»

«ካርዱ አምስትን ይቀበላል? ላፕቶፑን ይዘውታል?»

የልጄ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። «አይቀበልም» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን አንዱን ቀንድ ይዤ እያገላበጥኩ፣ ካርዱ ጆሮው ቢከብድ ይህ ጉልበታም ጮሆ ያሰማዋል ብዬ አሰብኩ።

«የኔ ላፕቶፕ የማይቀበለው ነገር የለም።»

«ቤት ያለውን ሳላየው እንዴት አድርጌ ልመንዎ?» አለች እየሳቀች። «ይልቅ ይህችን ነጯን ይውሰዱ። ትንሽ ናት፤ ግን ሁለቱንም ሞገድ ትሰጣለች።»

«ይህችማ ጥጃ ናት! ጥጃ ልጎትት ነው ከቢቸና ድረስ የመጣሁት?»

በሱቁ በር አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። ሰው በቀልዴ ሲስቅልኝ ደግሞ አያድርስ ነው፤ የምገዛውም የምሸጠውም አይታየኝም። ዕድሜ ልኬን ለሰው ሳቀርበው የኖርኩትን ጥያቄ ልጅቱ መልሳ ስትጠይቀኝ እንኳ አላወቅሁትም። ቀንዳሙን ገዝቼ ታቅፌው ወጣሁ ልል ነበር፤ እሱ ነው ታቅፎኝ የወጣው።

ቤት ገብቼ ስሰካው ስልኬ ወዲያው ያዘ። እስከ ጓሮ ድረስ ስልኬን ይዤ እየዞርኩ «ይኸው ይይዛል! ይኸው እዚህም ይይዛል!» አልኩ።

«ላፕቶፑንም ሞክረው እንጂ» አለች ባለቤቴ።

«ስልክ የያዘ ላፕቶፕ ያቅተዋል?»

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስከፍተው ምንም አልታየውም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ራውተሩን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ቀንዶቹን አንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዴ ወደ ጣሪያው አዞርኩ። ላፕቶፑ በገመድ ሊያያዝ፣ ስልኩም ራሱ ኢንተርኔት ሊያካፍለው እንደሚችል ያወቅሁት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ስታገል ስልኬ ጠራ። ሙሽራዋ ናት። ባለቤቴ ተቀበለችኝና ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።

«ይቺ ነጯ አንቺ ነሽ ልጄ?»

«ኧረ እማዬ፣ እሱ መጋረጃው ነው! እኔ በዚህ በኩል ነኝ።»

«እህ… አዎ፣ አየሁሽ፣ አየሁሽ» አለች። እንዳላየቻት ከድምፅዋ ገባኝ።

«አባዬስ የት አሉ?»

«መጣሁ! መጣሁ! እናትሽ ትጀምር!» አልኩ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመዱን እየፈተሽኩ። አንድ ነገር ብነካካ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብነካካ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ስትመርቅ እሰማለሁ፤ «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው» ትላለች። ከወዲያ በኩል «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ከዚያ ጭብጨባና እልልታ ሆነ።

ጉልበቴን እየደገፍኩ ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ ስልኩ ላይ ያለው ባዶ በር ብቻ ነው። ልጄን ይዘዋት ወጥተዋል። ባለቤቴ አሁንም ስልኩን አላወረደችውም።

«ቀና ስትል አልቅሳ ነበር ወይስ ስቃ?» አለችኝ።

«አምራለች!»

«ማማሯንማ አውቃለሁ። አልቅሳ ነበር ወይስ ስቃ ነው የምልህ?»

ለወትሮው ለዚህ ቤት ቀልድ አላጣም፤ ያን ጊዜ ግን ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ያን ባዶ በር አተኩሬ አየሁ።

የሠርጉ ቪዲዮ በፍላሽ ተልኮልን ላፕቶፑ ላይ ከፈትነው። ፎቶ አንሺው በምርቃቱ ሰዓት ግቢ ወጥቶ የሚጨፍሩትን ሲቀርጽ ነበር። ልጄን ደውዬ ብጠይቃት ሳቀችብኝ፤ «እኔ ምን አውቄ አባዬ፣ መስታወት አልያዝኩ!»

ባለቤቴ ተቆጥታኝ አታውቅም። ይልቅ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ማታ ብቻ፣ ሌላ ወሬ ስናወራ ቆይተን፣ ድንገት ፊቷን ወደ እኔ አዙራ «እውነት ግን አልቅሳ ነበር ወይስ ስቃ?» ትለኛለች። ሁለቱንም ማለት እችላለሁ፤ ሁለቱንም ብል ታምነኛለች። ስለምታምነኝ ነው የማልደፍረው። ያችን የአንዲት ቃል ዕዳ እስካሁን አልከፈልኳትም።