የጠዋቱ ብልሽት

ልጄ ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ሲወጣ ድምፁን በጆሮዬ እከተለዋለሁ። መኪናው ቁልቁል ወርዶ፣ ወደ መናኸሪያው ታጥፎ፣ ከሌሎች መኪኖች ድምፅ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ደጃፉ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አላውቅም። ከሰቆጣ እስከ አምደወርቅ የሚመላለስበትን ዳገትና ገደል ግን አውቀዋለሁ፤ የምፈራውም እሱን ነው።

ሚኒባሱን የገዛው ዐረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርቶ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስልኩ ሳምንት ዝም ካለ እህል አይወርድልኝም ነበር። በደህና ሲመለስልኝ የማመስገኛ ቃል አጣሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበረከክሁ። ፍርሃቴ እዚያ የቀረ መስሎኝ ነበር። መኪናውን ሲገዛ ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ።

ከተመለሰ ጀምሮ ሌላም ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። ልጅ ሳለ ቅዳሜም እሑድም ከአባቱ ጋር የሚያስቀድስ ልጅ፣ አሁን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሸኘኝና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ጠበል ስሰጠው «ደህና ነኝ እማዬ» ይለኛል። አልተቆጣሁትም። እሱ እንቢ ካለ መኪናው ይቀበልለት ብዬ አሰብኩ።

ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ እንዲሞቅ ይተወውና ቁርሱን ሊቀምስ ይገባል። ያን ጊዜ እኔ ጠርሙሴን ይዤ እወጣለሁ። በጠርሙሱ ውስጥ ጠበል አለ፤ ከጠበሉ ጋር እምነት፣ ከቤተ ክርስቲያን የምናመጣውን የተባረከ አመድ፣ በጥብጬበታለሁ። የሾፌሩን በር ከፍቼ፣ ከመሪው ሥር እጄን አስገብቼ፣ እግሩ የሚረግጣቸውን ሦስቱን ፔዳሎች በስመ ሥላሴ አጠጣቸዋለሁ። ጠበል ከራስ ነው የሚጀመረው። ስለዚህ ፔዳሎቹንም ከላይ፣ ብረታቸው ከተንጠለጠለበት ከራሳቸው ጀምሬ፣ ወደ ታች እስኪወርድ አፈስባቸው ነበር። አብዝቼ የማፈሰው በቀኝ በኩል ባለው በነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ሰው የሚሞተው በመኪና ፍጥነት ነው ሲሉ እሰማ ነበርና።

ልጄ ይህን አያውቅም። ቢያውቅ የሚከለክለኝ አይመስለኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ክረምቱ እንዳለፈ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት ትበራ ጀመር። የሞተር ሥዕል ናት። «ይህቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «አንዳንዴ ትበራለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። መኪናው ጠዋት ጠዋት ጉልበት ያጣል፤ ከሰዓት በኋላ ይስተካከላል» አለኝ፣ ስለ ሌላ ሰው መኪና እንደሚያወራ ሁሉ። በማግስቱ ከፔዳሎቹ ራስ ላይ የማፈሰውን ጠበል እጥፍ አደረግሁት።

መብራቷ አልጠፋችም። እኔም አልቀነስኩም።

አንድ ቀን አምደወርቅ ያለችውን አራስ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ አብሬው ሄድኩ። ከኋላው ተቀምጫለሁ። መኪናው ሙሉ ነው። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ። አልጠፋም፤ ቀነሰ እንጂ። የልጄን ጉልበት አያለሁ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጦታል፣ መኪናው ግን አይሰማውም። ማርሽ ቀየረ፤ ያው ነው። ቆምን። ፍሬን ያዘ፤ ነገር ግን ጠጠሩ ከጎማው ሥር ተንሸራተተና ወደ ኋላ ሄድን። ስንት ክንድ እንደሄድን አላውቅም። በመስኮቱ በኩል የመንገዱ ጠርዝ አልታየኝም፤ የታየኝ ከታች ያለው የማሽላ ማሳ ነው።

«አቡነ ዘበሰማያት» ጀመርኩ፤ መካከሉ ላይ ጠፋብኝ። ስንት ዓመት የደገምኩት ጸሎት ጠፋብኝ።

ከዝቋላ ወረዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቀድመው ወርደው ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስገቡ። ሌሎቹም ወረዱ። ሽማግሌው እጃቸውን እያራገፉ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ «ፍየሎቼ ይህን ዳገት ሳይለመኑ ነው የሚወጡት» አሉ።

«ፍየሎችዎ አሥራ ሁለት ሰው አይጭኑም አባባ» አለ ልጄ።

ሰው ሳቀ። እኔ የልጄን እጅ ነበር የማየው፤ መሪውን የያዘበት ጣት ነጥቷል። ሞተሩን አጠፋ፣ ጥቂት ቆየ፣ አስነሳ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነሣና ወጣ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። የሚታወቅ በሽታ ይሻላል።

ከአምደወርቅ ስንመለስ መኪናውን ሁልጊዜ የሚያይለት መካኒክ የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየረለት። በማግስቱ ጠዋት መብራቷ በራች። ልጄ ያን ቀን ሰው አልጫነም። ሰቆጣ ውስጥ በኮምፒውተር የምትመረምር አንዲት ሴት አለች ብለውት ወደ እሷ ሲሄድ እኔም ነጠላዬን ለብሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለኝ።

«እቀመጣለሁ» አልኩት።

ሴቲቱ ወጣት ናት፤ ቱታ ለብሳ ሻሽ አስራለች። ቴክኒክ ተምራ የመጣች የሰቆጣ ልጅ ናት። ማሽኗን ከማውጣቷ በፊት ብዙ ጠየቀችው። መቼ ነው የሚጀምረው? ሞተሩ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ሲዘንብ ይብሳል? አጥፍተህ ስታስነሳው ይድናል?

«ጠዋት ነው» አላት። «ዘነበም አልዘነበም ጠዋት ነው። ስመለስ ደህና ይሆናል።»

«ሁልጊዜ ጠዋት?»

«ከእሑድ በቀር። እሑድ አልሠራም።»

«ከእሑድ በቀር» ያለውን በልቤ ደገምኩት። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅሁትም።

ከመሪው ሥር ካለች ቀዳዳ የማሽኑን ገመድ ሰካች። ማሽኑ በስልክ መጠን ነው። ፊቱ ላይ ቁጥርና ፊደል ወጣ። ልጄ አንገቱን አስግጎ «ምን አለ?» አላት።

«ከነዳጅ መስጫው ፔዳል የሚመጣው ወሬ አይስማማም ይላል።»

«በቃ ፔዳሉ ተበላሽቷላ። ከአዲስ አበባ ላስመጣ።»

«ቆይ እንጂ፤ አንተ ደግሞ ትቸኩላለህ። ማሽኑ የሚያመውን ቦታ የሚያሳይ በሽተኛ ነው፣ ሐኪም አይደለም። ሆዴን አመመኝ ስላለህ ሆዱን ቆርጠህ ትጥላለህ?»

እኔም ሰው ነኝና ፔዳል እንዴት ያወራል ብዬ ጠየቅኋት። እማማ ብላ በትዕግሥት አስረዳችኝ። በድሮ መኪና ከሾፌሩ እግር እስከ ሞተሩ ድረስ የሚሄድ የሽቦ ገመድ ነበር፤ እግር ሲረግጥ ገመዱ ይስባል። በዚህ ግን ገመድ የለም። ፔዳሉ ራስ ላይ ያለች ሴንሰር የሾፌሩ እግር ምን ያህል እንደረገጠ በኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። እንዳትሳሳት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ሽቦ ትናገራለች። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል።

«እንደ ሁለት ምስክር?» አልኳት።

«እንደ ሁለት ምስክር። ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ይፈራል። መኪናው በራሱ እንዳይፈተለክ ብሎ ጉልበት ይከለክላል። መብራቷንም ያበራል።»

«ፔዳሉ ራስ ላይ» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ያለችውን በደንብ አልሰማሁም።

ልጄን ቀስ ብለህ ርገጥ አለችው። ማሽኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ እንደ እግሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሌላው ይወጣል፣ ይወድቃል፣ ይዘላል። እግርህን ሳታንቀሳቅስ ያዝ አለችውና በጀርባዋ ተኝታ ከመሪው ሥር ገባች። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነቀነቀች። አንዱን ስትነካ ቁጥሩ ዘለለ። ተወችው፤ ቆመ። ደግማ ነካችው፤ ዘለለ።

«ፔዳሉ ጤነኛ ነው። በሽታው ሽቦው የሚሰካበት ሶኬት ነው» አለች።

ሶኬቱን ነቅላ ወደ ብርሃን አወጣችው። ውስጡ ያሉት ትናንሽ ብረቶች አረንጓዴ ሆነዋል። በዙሪያቸው ደርቆ የተጋገረ ግራጫ ጭቃ አለ። በጥፍሯ ፈቅፍቃ አሸተተችው።

«ውሃ ነው የገባበት። ውሃ ብቻም አይደለም፣ አመድ የሚመስል ነገር አለው። ጠዋት ይርሳል፣ ቀን ይደርቃል። ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

«አላውቅም። እኔ ውስጡን በውሃ አላጥብም።»

«ምንጩን ካላገኘን ባጸዳውም በወሩ ይመለሳል። መስታወቱ ያፈስ ይሆናል። የፊት መስታወቱን ነቅለን በዙሪያው ያለውን ጎማ ማየት አለብን። ዳሽቦርዱም ይወርዳል።» ወደ ልጄ ዞረች። «እስከዚያ ሰው ጭነህ ዳገት እንዳትወጣ። ዛሬ ጉልበት ከለከለህ፤ ነገ የት ቦታ ላይ እንደሚከለክልህ አላውቅልህም።»

ልጄ ራሱን ነቀነቀ። ራሱን እየነቀነቀ ዳገቱን እንደሚወጣ ግን አውቃለሁ።

ጠርሙሱ በነጠላዬ ሥር ነበር። ዝም ብል መስታወቱን ይነቅላሉ፣ ምንም አያገኙም፣ ይመልሱታል። ነገ ጠዋት እኔ እጄን አስገባለሁ። ወይም አላስገባም፣ ማንም ሳያውቅ እተወዋለሁ፣ እነሱም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልጉ ይኖራሉ። ብናገር ደግሞ ልጄ ምን ይለኛል? እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይመጣ የነበረው ከነጭራሹ ቢቀርስ? ጠበልሽ ሊገድለኝ ነበር ቢለኝስ? ይህን ቃል ከአፉ ከምሰማ ብዬ ጠርሙሱን ይበልጥ ደበቅሁት። ከዚያ ያ የማሽላ ማሳ በዓይኔ መጣ።

«ውሃው የእኔ ነው» አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ጠርሙሱን አውጥቼ አሳየኋቸው። እጄን ከመሪው ሥር አስገብቼ እንዴት እንደማፈስ፣ ከየት እንደምጀምር አሳየሁ። እጄ ሶኬቱ ከተነቀለበት ቦታ ላይ በትክክል አረፈ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ልጄ።

«ከገዛኸው ጀምሮ።»

«በየቀኑ?»

«ከእሑድ በቀር። መብራቷ ከበራች ወዲህ ደግሞ እጥፍ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስሰጥህ ደህና ነኝ ትለኛለህ።»

ጠርሙሱን አየና ፊቱን ወደ ሶኬቱ መለሰ።

«የኔም እናት መፍቻዬን ጠበል ትረጭልኛለች» አለች ሴቲቱ፤ «ግን ብረት ነውና ምስጋናው መዛግ ነው። አይዞዎት እማማ። ዳሽቦርድ ከማውረድ አዳኑን።»

ሶኬቱን በማጽጃ ፈሳሽና በለስላሳ ብሩሽ ጠረገችው፣ አደረቀችው፣ መልሳ ሰካችው። ቀድሞ የወጣውን የብልሽት ኮድ በማሽኑ አጠፋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ይምጡ፣ እርስዎ ይርግጡት» አለችኝ።

የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ጫማዬን አወለቅሁ።

«ጫማዎን አያውልቁ እንጂ እማማ፣ ወለሉ ቆሻሻ ነው።»

«እንዲህ ይሻለኛል» አልኳት።

በባዶ እግሬ ቀስ ብዬ ረገጥኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ወጡ። ለቀቅሁ፤ እኩል ወረዱ። ሽቦዎቹን እየነቀነቀች ሦስት ጊዜ አስረገጠችኝ። አንዱም አልዘለለም። እግሬ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቁጥሩም ከእግሬ ጋር ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ፍርሃቴን እንኳ ሳይቀር ይሰማ እንደነበር ያን ጊዜ አየሁ።

ማታውን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ልጄን ልገድለው ነበር፣ ያውም በተቀደሰ ነገር አልኳቸው። አልሳቁብኝም።

«ጠበሉ ለሰው የተሰጠ ነው። መኪናውን መባረክ ካማረሽ በሩ ላይ አማትቢ፣ ይበቃል» አሉ። ቀጥለውም «ልጅሽን እንደምትፈሪለት ነግረሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አልነገርኩትም ነበር። በስልክም፣ ከተመለሰም በኋላ። የነገርኩት ለፔዳሉ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲሞቅ፣ እሱ ቁርሱን ሲበላ፣ አልወጣሁም። አጠገቡ ቆምኩ። «እፈራለሁ» አልኩት። «ያን ዳገት እፈራለሁ። ማታ እስክትገባ ሰው አይደለሁም።»

ቁራሹን አስቀመጠ። «እኔም እፈራለሁ እማዬ» አለ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። ጠበሉን አናቱ ላይ አፈሰስኩት። አንገቱ ውስጥ ሲገባ «ይቀዘቅዛል» አለ እንጂ ራሱን አላነሳም።

መብራቷ ከዚያ ወዲህ አልበራችም። ተመስገን። አሁን ዳገቱን ሲጨርስ አንዴ ደውሎ ይዘጋል፤ አላነሳውም፣ መውጣቱን አወቅሁ ማለት ነው። ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ግን ጠርሙሱን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ።