የዓሣው ነጭ ከረጢት

ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር በምትገኝ የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር፣ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሴቶቹ ጭጭ ይሉ ነበር። ወንዶቹ ግን ያወቁትንም ያላወቁትንም "ቲቸር፣ እኔ፣ እኔ" እያሉ ጆሮዬን ያደነቁሩታል። አንዳንዱማ ስጠራው ጥያቄው ምን እንደነበር መልሶ እኔኑ ይጠይቀኛል።

ከሁሉም የምታሳስበኝ ከኋላ የምትቀመጥ የአንዲት ወሎዬ ልጅ ነበረች። እናቷ ካፉሪ በሚባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ልጅቷም እዚያው ግቢ አብራት ታድራለች። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም። ሳይንስን ግን ገና በስምንት ዓመቷ "የወንዶች ነው" ብላ ዘግታዋለች። እንደዘጋችው እንዳይቀር እፈራ ነበር።

አንድ ቀን የእንስሳትን የሰውነት ክፍሎች ላሳያቸው ዓሣ ገዝቼ መጣሁ። ቢላዋ ሳወጣ እነዚያ ጀግኖቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ በሩ ሸሹ። "ኸላስ ቲቸር፣ በቃ፣ ይገማል" አለኝ አንዱ። እኔም ብሆን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ቆሜያለሁ።

"ከዚያ አይደለም፣ ከታች ነው" አለች ልጅቷ አጠገቤ መጥታ። እንዳለችኝ ሰነጠቅሁት። እሷ እጇን ሰድዳ ሆድ ዕቃውን ምንም ሳትበጥስ አወጣችው።

"አየሽ፣ ሳይንስ ትችያለሽ" አልኳት።

"ይሄ ሳይንስ አይደለም ቲቸር። የኩሽና ሥራ ነው።"

አንጀቴን በላችው። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ስለምታውቀው ብቻ ናቀችው። እሷ ግን ከሆድ ዕቃው መሐል አንድ ነጭ ከረጢት ለይታ በጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች።

"ይሄን ሁልጊዜ እንጥለዋለን። ምንድነው?"

ከዚያ በፊት አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። አየር የሚይዝበት እንደሆነ፣ ውኃው ውስጥ እንዳይሰምጥ እንደሚያንሳፍፈው ነገርኳት። ሰማችኝና ቦታዋ ተመለሰች። በቃ፣ እዚህ ድረስ ነው ብዬ አዘንኩ።

ትምህርት ሲያልቅ እናቷ በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ መጣች። "ያላ፣ ነይ እንሂድ፣ ባለረክሻው ይሄድብናል" ብላ እጇን ስትይዛት፣ ልጅቷ አልንቀሳቀስ አለች።

"ቲቸር፣ ወደ ታች መውረድ ሲፈልግስ አየሩን የት ያደርገዋል?"

እንደማላውቅ ነገርኳት። እናቷ በልጇ ድፍረት አፍራ መሬት መሬት ታያለች፤ እኔ ግን ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ።

"እንግዲያው ነገ ሌላ ዓሣ አምጪ" አለችኝ። "እኔ እከፍተዋለሁ።"