የአንድ ቀን አበባ

የሆስፒታሉን አትክልተኛ ነርሶቹ «ዶክተር ቅጠል» ይሉታል። እሱም ኮራ ብሎ «አቤት» ይላል። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ግን በዚሁ ግቢ አፈር ሲገለብጥ ኖሯል። የማያውቀው ተክል ሲገጥመው ማንንም አይጠይቅም፣ ቁጢጥ ብሎ ሥሩን ያያል።

አዲሷ አስተዳዳሪ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ከማዋለጃ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው ብርቱካናማ የአበባ መደብ ዓይኗን ሳበው። ትናንት የፈኩት አበቦች እንደ ረጠበ ወረቀት ተጨማደው ተንጠልጥለዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሊሊ አበባ ታሟል። ነገ ይነቀልና ድንጋይ ይነጠፍበት።»

አትክልተኛው መቆፈሪያውን ይዞ ቀረባት። መደቡን ከአንድ ሥር ተነስቶ፣ እየከፈለ ሲያባዛው አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

«አልታመመም። ሊሊም አይደለም።»

«እንዴ! ሊሊ ጠፍቶኝ ነው?»

«መልኩ አሳስቶዎት ነው።» አንዱን ከነአፈሩ ቆፍሮ አወጣው። «ሊሊ ከሥር እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ አለው። የዚህ ሥሩ ይኸው፣ እንደ ጣት የወፈረ። ሊሊ አገዳው ላይ ቅጠል ያወጣል፤ የዚህ ቅጠል ሁሉም ከመሬት ነው የሚነሳው፣ አገዳው ራቁቱን ነው። አበባው ላይ ግን ሁለቱም ስድስት ስድስት የአበባ ቅጠል አላቸው፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ይሄኛው የአንድ ቀን አበባ ነው፤ ጠዋት ፈክቶ ማታ ያልቃል። በማግሥቱ ጎረቤቱ ተረኛ ነው።»

«ወሬስ ይችላሉ!»

ተክሉን መልሶ ቀበረና ከኪሱ ቀይ ክር አውጥቶ ሰባት እምቡጦች ላይ አሰረ። «እነዚህ ነገ ይፈካሉ። ካልፈኩ ራሴ ነቅዬ ድንጋዩን አነጥፋለሁ።»

ማታ ቤት ሚስቱ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰባት? ሦስት ብትል ምን ነበረበት፣ አንተ ጉረኛ!»

«የሚፈኩት ሰባት ናቸዋ!» አለና እራቱን በልቶ ለጥ አለ። እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት።

ጠዋት አስተዳዳሪዋ ቀድማው መደቡ አጠገብ ቆማለች። ስድስቱ ወለል ብለው ፈክተዋል። ሰባተኛው ጫፉን ብቻ ገርበብ አድርጓል።

«ይሄኛውስ?»

«ሰነፍ ነው። ፀሐይ እስክትጠነክር ይታገሡት።»

አልጠበቀችም። ለመደቡ ድንጋይ ጭኖ የመጣውን ሾፌር ወደ መኪና ማቆሚያው እንዲያራግፍ በእጇ አመለከተችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ከቢሮዬ መስኮት ሥርም ጥቂት ቢተክሉልኝ» አለች።

«ዛሬ አይሆንም» አለ ዶክተር ቅጠል፤ «አበባውን ሳይጨርስ ሥሩን አልከፍልም። ሁለት ወር ይጠብቁ።»